በሥራ ሰዓት ብቻ ይከፈት ስለነበረው ድረ ገጽ፣ ለክቡር አቶ እንደሻው

አሰላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአሰላ የዲጂታል ውጥኖች ማስተባበሪያ ዴስክ ኃላፊ ለሆኑት፣ በስብሰባ ለማይደክሙት፣ በሪባን መቁረጥም እኩያ ለሌላቸው ለክቡር አቶ እንደሻው፤

ክቡር ሆይ፤ ደብዳቤ በጤና ጥያቄ መጀመር እንዳለበት ለአርባ አንድ ዓመት ልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁና ያስተማርኩትን ራሴ ላፈርስ አልደፍርም፤ ስለዚህ የጭላሎ ብርድ በዚህ በሰኔ መግቢያ ጉልበትዎን እንዳያገኘው፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ወገብዎን እንዳያሳምመው፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደኖረው ሁሉ በሌላ ሰው ጭንቀት ከቶ እንዳይቋረጥ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ቢጠይቁኝ ደግሞ፣ በሰማንያ አራት ዓመቴ የሚሰማ አንድ ጆሮ ብቻ እንደቀረኝ፣ እሱም የእርስዎን ንግግሮች ለማዳመጥ ከበቂ በላይ ሆኖ እንዳገኘሁት በነገርኩዎት ነበር።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ በግል ላገኝዎ ስላልሞከርኩ እንዳይመስልዎት፤ ዘጠኝ ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ዘጠኝ ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ የሕዝብ ሥራ እንዲህ የተጫነበትን ሰው በአሥረኛ ምልልስ ማስቸገር ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመነሻው ልጀምር። እኔ ይርሳው ተድላ፣ በኢተያና በአሰላ አማርኛንና ግእዝን ሳስተምር ያረጀሁ ጡረተኛ ስሆን፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ታየች ደግሞ ጎንደር ሠልጥና በዚህ በአርሲ ደጋ ለሠላሳ ስምንት ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ያገለገለች ናት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ማንም ሳያዛት፣ የተቀበለቻቸውን ሕፃናት በሙሉ በደብተር ስትመዘግብ ኖራለች፤ የእናቲቱን ስም፣ መንደሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ሕፃኑ በራሱ ይምጣ በእግሩ፣ ወዲያው ያልቅስ ወይም ይዘግይ፣ አንድም ሳታስቀር። ያን ጊዜ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረምና፣ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ አድገው መታወቂያ ሲያወጡ፣ ሲቀጠሩ፣ ጡረታ ሲወጡ፣ ጸሐፊው ፊታቸውን እያየ በገመተላቸው ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን ተወለዱ ተብለው የተጻፉ ናቸው። እውነተኛ ቀኑን የፈለገ ግን ወደ ቤታችን ይመጣ ነበር፤ ታየችም የእናቱን ስም ሰምታ፣ ደብተሩን ሳትገልጥ እንኳ፣ ዓመቱንና ወሩን ትነግረው ነበር።

ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ታየች ትረሳለች። በራችንን ያንኳኳ ሰው ሁሉ ምጥ የያዛት ሴት ቤት የተላከ እየመሰላት፣ ነጠላዋን እየሳበች «ምጡ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው?» ትለዋለች። ያን ጊዜ ነው የሰው ልደት ከእሷ ጋር እንዳይጠፋ በሚል ስጋት ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር ለመማር የተቀመጥኩት።

ከመቀመጤም ብዙ ነገር ተረዳሁ። ድረ ገጽ ለሚያወጣ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ገጹ የሚጠራበት ስም፣ ገጹ የሚያድርበት ቦታ፣ ባለሙያዎቹ ሆስቲንግ የሚሉት ማለት ነው፣ እና ገጹ የሚጻፍበት መሣሪያ። ብራና የሚጽፍ ሰው ወርቃማውን ቀለም ከመበጥበጡ በፊት ቆዳው ጉድ እንዳይሠራው ዳብሶ እንደሚያየው ሁሉ፣ እኔም ሻጮቹ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ሲደረድሩልኝ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዝኩ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ባልስማማ ጽሑፌን ይዤ መውጣት እችላለሁን? እኔ ተኝቼ ሳለሁ ገጹ ነቅቶ ይቆያልን? በዚህ መንገድ ፊደልና መስመር ብቻ ያለበትን፣ አንዳች ጌጥ የሌለውን ተራ ገጽ መረጥኩ፤ በኦጎልቾ ገበያ አንድ የኔትወርክ መስመር ብቻ በያዘ አሮጌ ስልክ ላይ ሳይቀር ቶሎ የሚከፈተው እሱ ነውና። ማደሪያውንም ሥራቸው ይኸው ከሆነ ሰዎች ዘንድ ጠባብ ቦታ በኪራይ ለመያዝ፣ ስሙን በታየች ስም ለማስመዝገብ፣ ቅጂውንም በሁለት ፍላሽ አስቀምጬ አንደኛውን ኢተያ ላለ ወዳጄ ለመስጠት ወሰንኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከገጹ የሚታተመውን ወረቀት መሥሪያ ቤቶች እንዲቀበሉት ባለሁለት መስመር የድጋፍ ደብዳቤ። እሱን ፍለጋ ወደ እርስዎ መጣሁ።

ክቡር ሆይ፤ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ እንዲህ በትሕትና የተስተናገደ የለም። ወንበር ሳቡልኝ፤ ለስላሳ አስመጡልኝ፤ ከዚያም «መምህር፣ ይሄን የመሰለ የሕዝብ ሀብት በግለሰብ ስም ሲወጣ እኛ ምን ልንባል ነው? ለእኛ ይተዉት፤ እርስዎ ይረፉ» አሉኝ። እኔም፣ የሹም አክብሮት ያልለመደ ደረቴ ተነፍቶ፣ አሥራ አንድ መዝገብ በካርቶን አድርጌ፣ በሦስት ቅጽ ላይ ፈርሜ አስረከብኩ። ታየች በር ላይ ቆማ «የሰው ልደት ነው መምህር፤ ከቤት አይወጣም» ብላኝ ነበር፤ በዚያች ቀን አእምሮዋ ከሁለታችን አእምሮ የጠራ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በጊዜው ግን ስቄባታለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የምዘረዝረውን ምስጋና ሲያነቡ፣ ከጥፋቱ የራሴን ድርሻ ቆርጬ ያስቀረሁ መሆኔን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

1ኛ. ስለ መሣሪያው ምርጫ። የመረጥኩትን ተራ ገጽ ባሳየሁዎት ጊዜ ፊትዎ ላይ ያየሁትን ሐዘን አልረሳውም፤ የተራበ ዘመድ ያዩ ይመስሉ ነበር። ወዲያውም ሰባት አባላት ያሉት የመሣሪያ መራጭ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ከሰባቱ አምስቱ በዕድሜያቸው ድረ ገጽ ሠርተው ስለማያውቁ ከማንኛውም ወገን ያልተጠጉ ገለልተኛ ዳኞች ነበሩ። ኮሚቴው በአራት ስብሰባ፣ በሁለት የሻይ ዕረፍትና በአንድ የድምፅ ቆጠራ፣ ትልልቅ የዜና ማሰራጫዎች የሚጠቀሙበትን ከባድ መሣሪያ መርጦ፣ ፕለጊን የሚሏቸውን ሠላሳ አንድ ተቀጥላዎች ጫነበት። አንዱ ተቀጥላ የአየር ሁኔታ ይነግራል፤ አንዱ በረዶ ያዘንባል፤ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ ተቀጥላዎች ለምን እንደማይሠሩ ይመረምራል። የልደት ቀን የሚፈልግ የስድሳ ዓመት ገበሬ በማያ ገጹ ላይ በረዶ ሲዘንብለት የሚሰማውን ደስታ እንዲያጣ ባለመፍቀድዎ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ፎቶግራፎቹ። በገጹ አናት ላይ የሚፈራረቁት ሰባት ሥዕሎች ሁሉም የእርስዎ ነበሩ፤ ችግኝ ሲተክሉ፣ ችግኙን ሲያዩ፣ ጣትዎን ወዳልበራ ስክሪን ሲቀስሩ፣ ሌሎቹንም አስታውሳለሁ። የታየች ፎቶግራፍ በስምንተኛነት ተይዞ ሳለ ቦታ በመጥበቡ ቀርቷል መባሉን ሰምቻለሁ፤ ልክ ነው፤ እሷ ሰው ከማዋለድ በቀር ያስመረቀችው ነገር የለም። የጎብኚዎች ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳም ገጹ ገና ሳይከፈት ከአምስት ሺህ እንዲጀምር ማዘዝዎ፣ ያልመጡትን እንግዶች በአክብሮት መቁጠር የሚችል መሪ እንዳለን አስተምሮኛል።

3ኛ. ስለ ማደሪያው። በዚህ ላይ ግን ክቡርነትዎን ከማመስገን አልፌ ልሰግድልዎት ይገባ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ። ገጹን በውጭ አገር የኪራይ ቦታ ማሳደር እንደሚቻል ስነግርዎ ከወንበርዎ ተነሥተው «የሕዝባችን መረጃ በባዕድ አገር አያድርም» አሉ፤ ኮሚቴውም አጨበጨበ፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። በዚህ መርሕ መሠረት ገጹ በቢሮዎ፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ የእግር ማሞቂያው አጠገብ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ እንዲያድር ተወሰነ፤ በኅዳር ወርም በዚያ ኮምፒውተር ዙሪያ ሪባን ታስሮ፣ መቀስ በሳህን ቀርቦልዎ፣ ቆርጠው መረቁት።

ያሳሰበን ነገር ሁሉ በዚህ ያበቃ መስሎን ሳለ ገጹ በየዕለቱ ከቀኑ 11፡30 ላይ ይጠፋ ጀመር። እኛ አላዋቂዎች ብልሽት መሰለን። ለካስ የቢሮው ጥበቃ አቶ ሊበን፣ በፊርማዎ በተሰጠው ትዕዛዝ መሠረት፣ መብራት እንዳይባክን ሠራተኛው ሲወጣ ቆጣሪውን ያጠፋል። ልጠይቀው ሄጄ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ ካፖርቱን እያስተካከለ «አባ፣ እኔ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም፤ እኔ ያጠፋሁት መብራት ነው፤ እሱን ደግሞ አጥፋ ተብያለሁ» አለኝ። ከዚህ የጠራ ማብራሪያ ከባለሙያዎችዎ ሁሉ አላገኘሁም። አቤቱታችን በደረሰዎ ጊዜም ቆጣሪው ሳይጠፋ እንዲያድር ከማዘዝ ይልቅ በቢሮው በር ላይ ማስታወቂያ አስለጠፉ፤ ድረ ገጹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ2፡30 እስከ 6፡30 እና ከ7፡30 እስከ 11፡30፣ ዓርብ ቀን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ዝግ ሆኖ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በሕዝብ በዓላት አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚገልጽ። በዓለም ላይ ምሳ የሚወጣ ድረ ገጽ ያለው ከተማ ነዋሪ በመሆኔ የሚሰማኝን ኩራት በምን ቃል ልግለጸው።

4ኛ. ስለ ወይዘሮ ፈይሩዛ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ፈገግታዎን ለጥቂት ጊዜ ያቆዩልኝ።

ወይዘሮ ፈይሩዛ በኦጎልቾ በአንድ ትምህርት ቤት ለሃያ ስድስት ዓመት ወለል ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። በተቀጠረችበት ቀን ጸሐፊው ፊቷን አይቶ 1957 ዓ.ም. ተወለደች ብሎ ጻፈ፤ የድሃ ፊት ቶሎ እንደሚያረጅ አልነገሩትም መሰለኝ። በዚያ ግምት መሠረት ዘንድሮ ስድሳ ዓመት ስለሞላት ጡረታ እንድትወጣ ደብዳቤ ደረሳት። እናቷ ግን የወለደቻት በ1960 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በታየች እጅ እንደሆነ ነግራታለች፤ እውነት ከሆነ ሦስት የሥራ ዓመት ይቀራታል፤ በእነዚያ ሦስት ዓመታት የመጨረሻ ልጇ የጀመረችውን የነርስነት ትምህርት ትጨርሳለች። የሚያከራክረው ነገር ይኸው ነው፤ ሌላ ትልቅ ነገር የለውም።

ጉዳዩን የሚያየው ቦርድ ሰኞ የካቲት 10 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማስረጃዋን ይዛ እንድትቀርብ የነገራት ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። በሚኒባስ አሰላ ስትደርስ 11፡40 ሆኗል፤ ቢሮው ተዘግቷል፤ ገጹም ተዘግቷል። ቅዳሜንና እሑድን እኛ ቤት ሰነበተች። ታየችን አጠገቧ ተንበርክካ «እማማ ታየች፣ እኔን የተቀበሉኝ እርስዎ ነዎት፤ መቼ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አለቻት። ታየች የፈይሩዛን ሆድ በእጇ ዳበሰችና «ገና ነሽ፤ አትፍሪ፤ ትንሽ ተንጎራደጂ» አለቻት። ፈይሩዛም፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት፣ ትእዛዙን ላለማፍረስ ብላ ተነሥታ ሳሎናችን ውስጥ ተንጎራደደች።

እሑድ ከሰዓት በስልክ አገኘሁዎ። ያሉኝን ቃል በቃል ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፦ «መምህር፣ ሰኞ ይከፈታል አልኩ እኮ፤ ስድሳ ዓመት የጠበቀች ሴት አንድ ቀን መጠበቅ አቃታት?» የሌላውን ሰው ዕድሜ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ጠቅልሎ የሚጨርስ አንደበት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ሰኞ 2፡30 ላይ ከበርዎ ቆመን ነበር። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለሙያዎ አቶ ወንደሰን ግን እርስዎ በሚመሩት የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ውስጥ ነበር፤ የስብሰባው አጀንዳ በሩ ላይ ተለጥፎ ስላየሁት አልሳሳትም፤ «የአገልግሎት አሰጣጥን ስለማፋጠን» ይላል። ቦርዱ 3 ሰዓት ተቀመጠ፤ 3፡20 ላይ በፋይሏ ባለው ወረቀት መሠረት ወሰነባት። ወንደሰን 4፡10 ላይ ወጣ፤ ኮምፒውተሩን አበራ፤ በረዶው ዘነበ፤ ሰባቱ ፎቶግራፎችዎ በየተራ አለፉ፤ ከአራት ደቂቃ በኋላም ከመዝገቡ በፎቶ የተነሣው የታየች የእጅ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጥቅምት 1960፣ ኦጎልቾ፣ ሴት፣ ወዲያው ያለቀሰች። ወረቀቱ ታተመ። የሚጎድለው ማኅተም ብቻ ነበር፤ ማኅተሙ በኪስዎ ነበረ፤ ኪስዎ ደግሞ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ነበር። ከዘጠኙ ምልልሶቼ አብዛኞቹ ለዚያ ማኅተም ነበሩ። ፈይሩዛ ይግባኝ ብትልም ይግባኝ ሰሚዎቹ ማኅተም የሌለው ወረቀት የማንም እጅ ሊሆን ይችላል ብለው፣ ወይ ማኅተም ያለበት ወይ ዋናው መዝገብ ይቅረብ አሉ። ፈይሩዛ ያን ወረቀት ዛሬም በቁርአኗ ሽፋን ውስጥ አጥፋ ይዛዋለች።

5ኛ. ስለ ርክክቡ። በመጋቢት ወር ዴስክዎ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሲዛወር፣ ኮምፒውተሩ «ያገለገለ፣ አንድ» ተብሎ በንብረት ርክክብ ቅጽ ላይ ተጽፎ ለሌላ ክፍል ተሰጠ፤ የተቀበለውም ክፍል ንጹሕ ዕቃ እንደሚወድ ሁሉ በውስጡ ያለውን በሙሉ አጥፍቶ ለራሱ አዘጋጀው። ልጠይቀው ስደውልለት ወንደሰን ያለኝን ላስታውስዎ፦ «መምህር፣ ቅጹ ላይ ኮምፒውተር የሚል መስመር አለ፤ ውስጡ ስላለው ነገር የሚል መስመር የለም፤ መስመር የሌለውን ነገር እንዴት አስረክባለሁ?» ይህን ያህል ሰው ተወልዶ መስመር ሳይኖረው መቅረቱ አያስደንቅም ይሆን? ቅጂ ይኖር እንደሆነም ጠይቄ ነበር። ቅጂው በጥንቃቄ ተይዞ ኖሯል፤ የተያዘውም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው።

6ኛ. ስለ ቁም ሳጥኑ። አሥራ አንዱ ዋና መዝገቦች በቢሮዎ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ በመስታወቱ አሻግሬ ካርቶኑን አይቼዋለሁ፤ በእጄ የጻፍኩበትን የታየችን ስም ሳይቀር። ቁልፉ ግን የለም። ወንደሰን ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ቁም ሳጥኑን አስረከበ፤ ቅጹ «ቁም ሳጥን፣ የብረት፣ አንድ» ይላልና ቁልፉ በማን እጅ እንደቀረ ማንም ሊጠየቅ አይችልም። መስታወቱ ይሰበር ስል፣ በጸሐፊዎ በኩል፣ የመንግሥት ንብረት መስበር በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አስጠነቀቁኝ። አልሰብርም። አንዲት ሴት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበትን ሥራ ሲሰብሩ ግን የትኛው ንብረት ክፍል ይመዘግበዋል ብዬ ብጠይቅ ጥያቄው ከዴስክዎ ሥልጣን ውጭ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

የፈይሩዛ ይግባኝ የመጨረሻ ቀጠሮ ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሰማት የለም። ለዚህ ነው ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ የሆነው፤ ያ ቁም ሳጥን ከማክሰኞ በፊት ይከፈት። ኮሚቴ ካስፈለገ ይቋቋም፤ ሪባን ካስፈለገ በቁም ሳጥኑ ላይ ይታሰር፤ መቀሱን እኔ አመጣለሁ።

እስከዚያው ግን ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም። ወደ መጀመሪያው ሐሳቤ ተመልሼ፣ ፊደልና መስመር ብቻ ያለበትን ያን የተናቀ ገጽ በታየች ስም አውጥቻለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ የሚያነቡት በዚያው ላይ ነው። በረዶ አይዘንብበትም። የሚያድረው ባዕድ አገር ነው፤ ስለዚህም ቅዳሜ ይከፈታል፤ በምሳ ሰዓት ይከፈታል፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉም ይከፈታል። ቁልፉ በእጄ ነው፤ ባልስማማ ሙሉውን ይዤ ወደ ሌላ ማደሪያ በግማሽ ቀን ልዛወር እችላለሁ፤ ርክክብም የለውም። ገጹ የሚያሳየው የእናቶቹን ስምና መንደራቸውን ብቻ ነው፤ ቀኑ የሚነገረው ለተወለደው ሰው ወይም ለእናቱ እንጂ ለሌላ እንዳይሆን ታየች ገና በወጣትነቷ ያወጣችው ሕግ ነውና አላፈርሰውም፤ የፈይሩዛንም እዚህ የጻፍኩት ራሷ ስለፈቀደችልኝ ነው። ሐዘኔ በገጹ ላይ ያለው መዝገብ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የመጀመሪያው ደብተር ነው፤ ካርቶኑን ሳስር ታየች ከእጄ ነጥቃ ትራሷ ሥር ስለከተተችው ወደ እርስዎ ሳይደርስ ቀረ። እኔም አንድ ቢጎድል ምን አለበት ብዬ ተውኩላት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፤ የጊዜዎን ውድነት፣ የወንበርዎን ርቀት፣ የኪስዎንም ጥልቀት እያሰብኩ፣ ከዚህ በላይ ላደክምዎ ስለማልወድ፣ ለተደረገልን ሁሉ ባለቤቴ ብታስታውስ ኖሮ ልታቀርብልዎ ይገባት የነበረውን ምስጋና ከእኔ ጋር አስተባብሬ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያም በሚበልጥ ትዝብት እሰናበትዎታለሁ።

አገልጋይዎ ልል አስቤ ነበር፤ አገልግሎት ከእርስዎ ተምሬ ስለማላውቅ፣ ታዛቢዎ፣

ይርሳው ተድላ፣ የግእዝና የአማርኛ መምህር የነበረ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፈይሩዛ፣ ኦጎልቾ
ለጥበቃ አቶ ሊበን፣ በማክበር፤ ከተጻፈው ሁሉ እሱን የሚመለከት ወቀሳ የለበትም
ለቁም ሳጥኑ

ድኅረ ጽሑፍ፤ አንድ ትንሽ ነገር ዘንግቼ ነበር። በምረቃው ቀን ባደረጉት ንግግር፣ የታየችን እጅ ወደ ላይ አንሥተው «እኔም የእነዚህ እጆች ልጅ ነኝ፤ ሁሩታ ያዋለደችኝ እሷ ናት» ብለው አዳራሹን ማስለቀስዎን በቅርቡ አስታወስኩና፣ ከትራሷ ሥር የቀረውን ደብተር ገለጥኩ። እውነትዎን ነው፤ አሉበት። የእናትዎን ስምና መንደሩን አገኘሁት። ዓመቱን በሕጋችን መሠረት በአደባባይ አልጽፈውም፤ ማወቅ ከፈለጉ፣ ባለመብቱ እርስዎ ነዎትና፣ በማንኛውም ሰዓት በራችንን ያንኳኩ። ታየች ከሁሩታ ወደ ኦጎልቾ የተዛወረችው በ1955 ዓ.ም. ነሐሴ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲያም በሁሩታ አንድም ሕፃን አለመቀበሏን ግን መናገር ምሥጢር ማውጣት አይሆንብኝም። የሥራ ባልደረቦችዎ ጡረታ ለመውጣት ገና ስድስት ዓመት እንደሚቀርዎት በደስታ አጫውተውኛል፤ እንኳን ደስ አለዎት፤ ስሌቱን ለዲጂታል ባለሙያ እተወዋለሁ።

እኔ የምጨነቀው ግን ስለ ፈይሩዛ ነው። ይግባኝ ሰሚዎቹ የያዘችው ወረቀት የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አናውቅም ስላሉ፣ ቁም ሳጥኑ ባይከፈት እንኳ የታየችን የእጅ ጽሑፍ በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አስተያይተው እንዲፈርዱ፣ ይህን ደብተር ማክሰኞ 3 ሰዓት ይዤላቸው እቀርባለሁ፤ እነሱም ፈቅደዋል። በጽሑፉ ጥራት የተመረጡ ሦስት ገጾች ላይ ክር አድርጌላቸዋለሁ። የእርስዎ ገጽ ላይ አላደረግሁም፤ አያስፈልገውም። «በእግሩ መጣ። እትብቱ አንገቱን ሁለት ጊዜ ዞሮታል። አልተነፈሰም። እፍ አልኩበት፤ ብዙ ጊዜ። ተነፈሰ። አለቀሰ።» ይላል፤ ታየች ይህን ገጽ በቀን አሥር ጊዜ እየገለጠች ልጁ ደህና መሆኑን ስለምታጣራ፣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ባረፈ ቁጥር ማንም ሳይነካው እዚያው ላይ ይከፈታል።